በግራ እጅ የተቆጠረ መንገድ

የጎረቤቶቼን ፒክአፕ ሰፈሩ «እሜቴ» ይላታል። አሮጊት ስለሆነች ብቻ አይደለም፤ ጠዋት ጠዋት የሚደረግላት እንክብካቤ ልጆቿ የሚፈሯት ባለጸጋ አሮጊት ስለሚያስመስላት ነው። ባለቤቷን ደግሞ «ጋሽ ልቅደማት» እንላቸዋለን። ስሙን ያወጣሁት እኔ ነኝ፣ አልክድም። ጎህ ሲቀድ ኮፈኑን ከፍ አድርገው፣ በአንድ እጃቸው ወገባቸውን ይዘው፣ «እስቲ ዛሬም ልቅደማት» ይላሉ። ሳትበላሽብኝ ልድረስባት ማለታቸው ነው።

የስፌት መኪናዬ የተቀመጠው በሁለታችን ቤት መካከል ያለውን መተላለፊያ በሚያሳየው መስኮት ሥር ስለሆነ፣ ሳልፈልግ ተምሬያለሁ። ስምንተኛ ክፍል ላይ ትምህርቴን ያቆምኩ ሴት ነኝ፤ ስለ ሞተር ዘይት ግን ጠይቁኝ። መለኪያዋን መዘዝ፣ በጨርቅ ጠረግ፣ መልሶ ክትት፣ እንደገና መዘዝ፣ ወደ ብርሃን ዞር። ቀጥሎ የራዲያተሩ ውሃ። ቀጥሎ የባትሪው ራስ፣ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር አብቅሎ እንደሆነ በሙቅ ውሃ እጥብ። ከመተኛታቸው በፊት ሞተሩ ሥር ካርቶን ያነጥፋሉ፤ ጠዋት ካርቶኑን ስበው የወረደ ጠብታ እንዳለ ያነቡታል። ማንበብ ነው የምለው፣ መነጽራቸውን አድርገው ነዋ! ጠብታ ከሌለ ደግሞ ይብስባቸዋል።

«ምነው ጋሼ፣ ዛሬ ንጹሕ አይደለች እንዴ?»

«ንጹሕ መሆኗ ነው ያሳሰበኝ። ይቺ ሴትዮ ካላንጠባጠበች፣ የሚንጠባጠበው ነገር አልቆባት ይሆናል።»

ሠላሳ ዓመት የአንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት ሾፌር ነበሩ። እዚያ የጋራዡ አለቃ፣ መኪና የሚከፈተው ሲበላሽ ሳይሆን ቁጥሩ ሲደርስ ነው እያለ አሳድጓቸዋል። ዘይቱ በአምስት ሺህ ኪሎ ሜትር፣ የፍሬኑ ሸራ በዚህን ያህል፣ በሞተሩ ሆድ ውስጥ ያለችው ጥርሳም የጎማ ቀበቶ፣ እነሱ ቺንጋ የሚሏት፣ በስልሳ ሺህ። ጋሼ በሌላው ሁሉ ይቀልዳሉ፤ በቺንጋዋ አይቀልዱም። ሌላው ዕቃ ሲያረጅ ይጮኻል፣ ያጨሳል፣ ያፈሳል። እሷ ግን አንድ ቃል ሳትናገር ትበጠሳለች። ያን ጊዜ ሞተሩ ባለበት ቀጥ ይላል፤ መሪው ይደርቃል፣ ፍሬኑ ድንጋይ ይሆናል።

«ሜዳ ላይ ከሆነ ወርደሽ ትሳደቢያለሽ» ይሉኛል፤ «ቁልቁለት ላይ ከሆነ ለመሳደብም ፋታ የለሽ።»

ቁልቁለቱን የሚያነሱት በከንቱ አይደለም። የባለቤታቸው የእትዬ ኩላሊት ሥራ ካቆመ አራት ዓመት ከሰባት ወር ሆኖታል። ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ለእጥበት ከተማ ይወርዳሉ፤ ደርሶ መልስ ዘጠና ኪሎ ሜትር፣ ግማሹ ጥምዝምዝ ቁልቁለት። አራት አራት ሰዓት ማሽኑ ላይ ይቆያሉ። ሲመለሱ ቀና ብለው መቀመጥ ስለማይሆንላቸው ጋሼ ከጎናቸው ያለውን የጋቢና ወንበር አውልቀው በምትኩ ፍራሽ ገጥመውላቸዋል። አንድ ቀን ከቀረ እግራቸው ያብጣል፣ ትንፋሻቸው ያጥራል። ሁለት ቀን ከቀረ ምን እንደሚመጣ በዚያ ቤት ውስጥ አፉን ሞልቶ የተናገረ ሰው የለም። እሜቴ ቆመች ማለት እትዬ ቆሙ ማለት ነው። ነገሩ ይኼው ነው።

ታዲያ የእሜቴ ኪሎ ሜትር ቆጣሪ ከብዙ ዘመን በፊት ሦስት መቶ ምናምን ሺህ ላይ ሲደርስ ሰልችቶት ቆሟል። ዕቃው ተፈልጎ ጠፋ። ደግነቱ ጋሼ ጭነት መጫኑን ከተዉ ወዲህ እሜቴ ከሆስፒታል በቀር የምትሄድበት የላትም። ቺንጋዋን የቀየሩትም እትዬ እጥበት በጀመሩበት ሳምንት ነው። ስለዚህ ከዚያ ወዲህ አንድ ምልልስ አንድ ጭረት፤ በመተላለፊያው ግድግዳ ላይ፣ በከሰል። ግድግዳው የኔ ነው። ከፍም ዝቅም ያለ፣ ወደ ግራ ያዘነበለ፣ የዶሮ ጭረት የመሰለ ቁጥር አራት ዓመት ሙሉ መስኮቴ ፊት ለፊት ተደርድሮ ኖረ።

«ጋሼ፣ ግድግዳ ላይ ቀን የሚቆጥር እስረኛ ነው ሲባል ነው የምሰማው» አልኳቸው አንድ ቀን።

«እስረኛ መውጫውን ያውቀዋል።»

«ደብተር አለዎት አይደል እንዴ? ለምን እሱ ላይ አይጽፉትም?»

«ደብተር ሁለት እጅ ይፈልጋል።»

የተለመደ ንግግራቸው መስሎኝ አለፍኩት።

ከዝናቡ ወራት በኋላ ግድግዳዬ ሻገተና ቀለም ቀቢ ጠራሁ። ዓርብ ቀን ነው፣ እነሱ ከተማ ናቸው። ቀቢው የፊት ለፊቱን በኖራ አሳምሮ ሲጨርስ ግማሽ ባልዲ ተረፈ።

«ይኼ ይደፋ ወይስ?» አለኝ በመስኮት።

የሙሽራ ሚዜዎች ቀሚስ ጠርዝ ላይ ነበርኩ፤ ቀና እንኳ አላልኩም። «የመተላለፊያውንም ወገን አዳርሰው። እትዬ ደክሟቸው ሲገቡ ንጹሕ ነገር ይዩ።»

ጭረቶቹን ረስቼ አልነበረም። ጋሼን የሚያህል ሰው፣ ባትሪ ያጠበበትን ቀን እንኳ ከነሰዓቱ የሚመዘግብ ሰው፣ ድምሩን ደብተር ላይ ሳያሰፍር ይቀራል ብዬ መቼ አሰብኩ!

ስምንት ሰዓት ላይ መጡ። ጋሼ ቀኝ ክንዳቸውን በእትዬ ብብት ሥር አስገብተው፣ አንድ እርምጃ፣ ቆም፣ አንድ እርምጃ፣ ቆም እያሉ ገቡ። መስኮቴ ጋ ሲደርሱ ግራ እጃቸው ወደ ኮት ኪሳቸው ገባች፣ ከሰሏን ይዛ ወጣች፣ ወደ ግድግዳው ተዘረጋች፤ እዚያው አየር ላይ ቀረች።

«እህስ፣ አላማረም?» አልኩ፣ ምስጋናዬን እየጠበቅኩ።

«ማን ቀባው?»

«እኔ ነኝ ያስቀባሁት፤ ኖራ ተርፎኝ . . .»

«ጥሩ ነው» አሉ። «ነጭ ነው።»

ከሰሏን መልሰው ኪሳቸው ከተው ባለቤታቸውን ይዘው ገቡ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ሰው ሲሰድብሽ ጉዳዩ ያልቃል።

ጥቂት ቆይቼ ሄድኩ። እትዬ ተጋድመዋል፣ ዓይናቸውን ከድነዋል። ጋሼ የአልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው ደብተሩን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተዋል፤ ጫማቸውን እንኳ አላወለቁም።

«ደብተሩ ላይ የለም?» አልኩ ከበሩ ሳልርቅ።

«ያለው ጥምቀት ሰሞን የደመርኩት ነው። አራት መቶ ሃምሳ። ስምንት ወሩ ግድግዳሽ ላይ ነበር።»

«ታዲያ ጋሼ፣ በግምት ቢሆንስ?»

«በግምት!» ደብተሩን ከደኑት። «አንቺ ልጅ፣ ቀሚስ በግምት ትቆርጫለሽ?»

«አንዳንዴ።»

«አሃ። ለካ ለዚህ ነው የሰፋሽልኝ ሱሪ አንድ እግሩ የሚያጥረው።»

እትዬ ዓይናቸውን ሳይገልጡ ሳቁ። ሳቃቸው ቀጭን ነበር፣ ግን ሳቅ ነው፤ ትንሽ ተነፈስኩ።

«እናንተ ሰዎች» አሉ፤ «ግድግዳ ከምትጠይቁ እኔን አትጠይቁኝም? መንገዱን የሄድኩት እኔ አይደለሁ? ነይ ልጄ፣ መሳቢያው ውስጥ ካርዶቼ አሉ።»

አወጣኋቸው። በጎማ ላስቲክ የታሰሩ፣ ጠርዛቸው የተላጠ የሆስፒታል ካርዶች፤ ለእያንዳንዱ እጥበት አንድ ማህተም። እኔ ጮክ ብዬ ቆጠርኩ፣ ጋሼ በዐሥር በዐሥሩ ከፍለው ያዙ። ሰባት መቶ ዐሥራ ሁለት። የኔ ቆጠራ ስለማይታመን ደገምኩት። ሰባት መቶ ዐሥራ ሁለት።

ጋሼ በዘጠና አባዙት። ስልሳ አራት ሺህ ሰማንያ። 

«አይሆንም» አሉ። «አራት መቶ ሃምሳ እዚህ ጋ ጽፌያለሁ። በስምንት ወር ብዙ ቢሆን መቶ አምስት ነው የሚጨመርበት። አምስት መቶ ሃምሳ አምስት ነው መሆን ያለበት። ሆስፒታሉ ማህተም እየደገመ ይሆናል።»

«መርፌውንም እየደገሙልኝ ከሆነ እንጃ» አሉ እትዬ።

መቶ ሃምሳ ሰባት መንገድ ጠፍቷል። ምላሴን በላኝና «እንግዲህ ጋሼ፣ መርሳትም ዕድሜ ሲገፋ . . .» ብዬ ልቀልድ ስጀምር እትዬ ዓይናቸውን ገለጡ።

«አልረሳም» አሉኝ። «በግራ እጁ አይደል የሚጭረው? ግራ እጁ ባዶ ሲሆን ነው። እኔ እግሬ እምቢ ያለኝ ቀን በሁለት እጁ ተሸክሞ ነው የሚያስገባኝ።»

 ለካ ያ ግድግዳ የቆጠረው እትዬ በአንድ ክንድ ተደግፈው መራመድ የቻሉበትን ቀን ብቻ ነው። የከፋው ቀን ሁሉ ሳይጻፍ አልፏል።

ሞኝነቴ አያልቅም፣ «ካስተኟቸው በኋላ ወጣ ብለው ቢጭሩትስ?» አልኩ።

«እሷን ካስተኛሁ በኋላ» አሉ ጋሼ፤ «እኔም እዚያው ነኝ።» ጫማቸውን መፍታት ጀመሩ፣ ግን ክሩን እንደያዙ ቆዩ። «ስለዚህ ቺንጋዋ አራት ሺህ አልፏታል። በዚያ ቁልቁለት።»

በማግስቱ መካኒኩን ልጠራ ሄድኩ። ሰፈሩ «ነገ ና» ነው የሚለው፤ ከዚህ ሌላ መልስ ሲሰጥ የሰማው ስለሌለ። እጁ ወርቅ ነው፣ ቀጠሮው ነው እንጂ። ጋራዡ በር ላይ ባለችው በርጩማው ላይ ተቀምጬ እምቢ ስለው የሚያርፍበት አጣና መጣ።

የሞተሩን የፊት ክዳን ፈቶ በስልኩ መብራት አየ። ጋሼ ጣታቸውን ሰደዱ። ቺንጋዋ እንደ ደረቀ ጭቃ ተሰነጣጥቃለች፤ አንድ ቦታ ላይ ጎን ለጎን ሁለት ጥርስ የለም።

«ሁለት ጥርስ ረግፎባታል» አለ ነገ ና።

«እኔም አራት ረግፎብኛል» አሉ ጋሼ። ማንም አልሳቀም፣ እሳቸውም።

አዲሱ ቺንጋ ከከተማ በአውቶቡስ ተልኮ ሰኞ ረፋዱ ላይ ነው የሚደርሰው። ነገ ና እጁን በጨርቅ እየጠረገ አሰበ።

«ጋሼ፣ እስካሁን ይዛልዎት የለ? ሰኞን ይሂዱባት፣ ማክሰኞ ተረጋግተን እንቀይራለን። አንድ ቀን ምን አላት?»

እውነቱን ልናገር፣ ጋሼ እሺ ሊሉ ፈልገው ነበር። ፊታቸው ላይ አየሁት። ደረጃው ላይ ቁጭ ብለው መዳፋቸውን ያያሉ፤ አራት ዓመት ከሰባት ወር ያልተኛ ሰው፣ አንድ ጊዜ ብቻ ነገሩን ሌላ ሰው ቢወስንለት የሚመኝ ሰው ፊት ነው። እትዬም በሩ ላይ ወንበር አስወጥተው ተቀምጠዋል።

«እኔ እንዳልክ ነኝ» አሏቸው። «ሂጂ ካልከኝ እሄድባታለሁ።»

ይኼ አባባላቸው ነው መሰለኝ ያስነሳቸው።

«ሳላውቅ አራት ሺህ ኪሎ ሜትር ቀድማኛለች» አሉ ጋሼ። «ከእንግዲህ አንዲት አልጨምርላትም። ፍታት።»

መፍታቱስ ተፈታች፤ እትዬን ሰኞ ማን ይውሰድ? በአውቶቡስ ጋሼ እንዳይወስዷቸው፣ ነገ ና አጠገቡ ተቀምጦ የሚጠብቀው ሰው ከሌለ ሰኞ ማክሰኞ ይሆናል፣ ማክሰኞም ሐሙስ። ያን ጊዜ ረቡዕም ሊቀር ነው።

«እኔ እወስዳቸዋለሁ» አልኩ። ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው አውቶቡስ እንደሚያዞረኝ ያስታወስኩት።

ጋሼ ከላይ እስከ ታች አዩኝ፤ መኪና ለአዲስ ሾፌር እንደሚያስረክብ ሰው። «መርፌ የሚገባበትን ክንዷን እንዳትይዢ፤ በዚያኛው በኩል ያዢ። በመስኮት በኩል አስቀምጫት። ከማሽኑ ስትወርድ ቶሎ እንዳትነሳ፤ መጀመሪያ እግሯን አውርዳ ትቀመጥ። ውሃ ብትለምንሽ ከንፈሯን አርጥቢላት እንጂ እንዳትሰጫት። እንዳትራሪላት።»

«ዘይቴንም አስለካት» አሉ እትዬ።

ሰኞ ሄድን። አውቶቡሱ እስኪሞላ ቆመ፣ ሞልቶም ቆመ። ጠመዝማዛው ላይ እኔ ስገረጣ ታማሚዋ እሳቸው መሆናቸው ቀርቶ እኔ ሆንኩ፤ መሐረባቸውን አውጥተው ግንባሬን ጠረጉልኝ። ማሽኑ ክፍል ውስጥ በር አጠገብ አንድ የፕላስቲክ ወንበር አለ፤ አንድ እግሩ በሽቦ ታስሯል። ነርሷ ስታየኝ «የጋሼ ወንበር ነው፣ ቀስ ብለሽ ተቀመጪበት፤ ሽቦውን እሳቸው ናቸው ያሰሩት» አለችኝ። እዚያም አልተኙም ማለት ነው፤ ወንበሩንም ሳይሰበር ሲቀድሙት ነበር።

መልሱ ላይ እትዬ ራሳቸውን ትከሻዬ ላይ ጥለው መጡ። ከአውቶቡስ ከወረድን በኋላ እስከ ቤት አራት መቶ እርምጃ ቢሆን ነው። መታጠፊያው ጋ ስንደርስ ጉልበታቸው ከዳቸው። አንዱን እጄን ከወገባቸው፣ ሌላውን ከብብታቸው አስገብቼ፣ ቦርሳዬን በጥርሴ ይዤ መተላለፊያው ገባሁ። ነጩ ግድግዳዬ ፊቴ ላይ ተደቀነ። ላቤ ዓይኔ ውስጥ ገብቷል፣ የምጠርግበት እጅ የለኝም። ያን ጊዜ ነው «ደብተር ሁለት እጅ ይፈልጋል» ያሉት ትዝ ያለኝ።

እሜቴ ኮፈኗ ተዘግቷል። ጋሼ ጎማዋን ተደግፈው በርጩማ ላይ ተቀምጠው ተኝተዋል። የነገ ናን የመሣሪያ ሻንጣ ደረታቸው ላይ በሁለት እጃቸው አቅፈውታል። ነገ ና አጠገባቸው ቆሞ ራሱን ያካል።

«ጨርሻለሁ» አለኝ በሹክሹክታ፣ ራሱም እንዳላመነ ሆኖ። «አስነስቼ ሞክሬያታለሁ፣ እንደ ልጃገረድ ሆናለች። በሞተሯ ድምፅ እንኳ አልነቁም። ሻንጣዬን ግን ከእጃቸው ማውጣት አቃተኝ። ሳልጨርስ እንዳልሄድ ጠዋት ነው የያዙብኝ።»

«ልቀስቅሳቸው?»

«ተዪው» አሉ እትዬ፣ ትንፋሻቸው እየተቆራረጠ። «ተዪው ይተኛ።»

ነገ ና ሻንጣውን አየ፣ ጋሼን አየ። «ይሁን፣ ነገ እመጣለሁ» ብሎ ባዶ እጁን ሄደ።

ረቡዕ እንደ ወትሮው በእሜቴ ሄዱ። ስምንት ሰዓት ላይ ሲገቡ ሰማሁ፤ እርምጃው ከባድ ነው፣ ቆም ቆም የለውም። ቀና ብዬ ሳይ ጋሼ እትዬን በሁለት እጃቸው አቅፈዋል። ግድግዳው ጋ ሲደርሱ በዓይናቸው ብቻ ገረፍ አድርገውት አለፉ።

ልብስ የማሰምርበትን ሰማያዊ ጠመኔ አንስቼ፣ ቀሚሱን ከነመርፌው ጥዬ ወጣሁና ነጩ ግድግዳ ላይ አንድ መስመር ሳብኩ። የጠመኔው ድምፅ ሲሰማቸው ጋሼ አንገታቸውን አዞሩ።

«ምንድን ነው እሱ?»

«አንድ» አልኳቸው።

መስመሩን አዩት።  «ጠማማ ነው» አሉ።

«እንደ ሱሪዎ ነዋ።»

«ቁጠሪ ልጄ» አሉ እትዬ፣ ከባላቸው ትከሻ ላይ ራሳቸውን ሳያነሱ። «እሱ እጁ ሲያዝ አንቺ ቁጠሪ።»

ገቡ። ሲመሽ አልወጡም፤ በራቸው እንደተዘጋ ቀረ። ካርቶኑ ግድግዳው ሥር እንደተደገፈ አየሁትና ወስጄ ከሞተሩ ሥር አነጠፍኩት፤ መጎንበሱ ቀላል ሥራ እንዳይመስላችሁ፣ ወገቤ ተንቋቋ።

ጠዋት ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው ካርቶኑን ሳቡት። አንድ ጥቁር ጠብታ፣ የሸሚዝ ቁልፍ የምታክል፣ መሐሉ ላይ ቁጭ ብላለች።

«እሰይ» አሉ፣ ወገባቸውን ይዘው ቀና እያሉ። «አለች።»